ከዚራ የጃፓን ፊልም ምሽት፦ ፊልሙ አንደኛ፣ ቤቱ ግን...

አቦ ትናንት ማታ ድሬዳዋ ከዚራ አንዲት ካፌ የጃፓናዊውን ፊልም ሰሪ የታካሺ ኢቶን አጫጭር ፊልሞች ታሳያለች ሲሉኝ ሄድኩ (የካፌዋን ስም ልተወው)። ሰውዬው ገና ተማሪ እያለ በ1981 እ.ኤ.አ. ነው "ስፔሲ"ን የሰራው፣ 700 ፎቶ አንስቶ አንድ በአንድ እያከታተለ፣ ባዶ ጂምናዚየም ውስጥ ፎቶዎች ቆመዋል ካሜራው ወደ አንዱ ይጠጋ ይጠጋና ውስጡ ዘሎ ይገባል፣ እዛም ያው ጂምናዚየም ያው ፎቶ፣ አስር ደቂቃ እንዲሁ፣ ወንበሬን ይዤ ነው ያየሁት በናታችሁ። ቤቱ ግን ፊልሙ የሚታይበት ግድግዳ ላይ ሚስማር አለ፣ ሁሉም ፎቶ መሀል እሱ ሚስማር! ቬንትሌተሩ ድምፁን ዋጠው፣ ይጥፋ እንዳይባል ደሞ የድሬ ሙቀት ነው። ሌላኛው ፊልሙ "ተንደር" መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ግማሹ ሰው የፊልሙ አካል መስሎት ዝም ብሎ ጠበቀ 😂 ማኪያቶው አሪፍ ነው።