ነፃው የካርቦን መቁጠሪያ ኤክሴል ለወሎ ነዳጅ አከፋፋይ ምን ያህል ይሠራል?

የድርጅቶች የካርቦን ልቀት የሚቆጠርበትን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያወጣው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል በነፃ የሚያድለው የኤክሴል መቁጠሪያ የሚያስመሰግነው ነገር አለ። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ ሥራ አይቆምም። አሠራሩ ማባዛት ብቻ ነው። የተቃጠለው ሊትር ወይም የተቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት በልቀት ማባዣ (አንዱ ሊትር ወይም ኪሎዋት ሰዓት በሚያስወጣው የካርቦን መጠን) ይባዛል፣ ውጤቱ በቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ዴፖ፣ ከደሴ እስከ ወልድያ ማደያዎች ያሉት፣ ጎን ለጎንም ሶላር የሚሸጥ ድርጅት ለዚህ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልገውም፤ ሒሳብ ሠራተኛው ይበቃል። እንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ቃላቱ ግን ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይለመዳሉ።

ትልቁ ጉድለቱ የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። ባዶ የቀረ ሕዋስ ዜሮ ሆኖ ይደመራል፣ ድምሩም አምሮ ይወጣል።

በመጀመሪያ የሚስተው የጄኔሬተር ናፍጣ ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ሲገዛ ደረሰኝ ይቀበላል። ማደያ ግን ለጄኔሬተሩ የሚቀዳው ከራሱ ማሽን ነው፤ ደረሰኝ የለም። በወሩ መጨረሻ ታንከሩ በዲፕስቲክ ሲለካ ሊትሩ «ጉድለት» ውስጥ ይገባና ይረሳል። ቅጹ በግዢ ደረሰኝ ብቻ ከተሞላ ጄኔሬተሩ ዓመቱን ሙሉ ያለ ነዳጅ የሠራ ይመስላል። መላው ቀላል ነው፤ ለጄኔሬተሩ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል መለየት፣ ወደ በርሜሉ የገባውን ሁሉ መዝግቦ ማስፈረም፣ ከጎኑ የሞተሩን የሰዓት ቆጣሪ ንባብ መጻፍ። ከዚያ ሁለቱ ይመሳከራሉ። 100 ኬቪኤ ጄኔሬተር ሩብ ጭነት ላይ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ሊትር ገደማ ይጠጣል። መዝገቡ 3 ካሳየ ሳይጻፍ የቀረ ናፍጣ አለ። 12 ካሳየ ወይ የጄኔሬተሩ ናፍጣ መርጫ ኖዝል አርጅቷል፣ ወይ ሌላ ጄሪካን እየተሞላ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉድለት አለ። ጅቡቲ ላይ በሙቀት የተጫነ ናፍጣ ደሴ ብርድ ሲደርስ መጠኑ ይቀንሳል። የነዳጁ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢወርድ ከ45,000 ሊትር ላይ ወደ 750 ሊትር ይጎድላል። አልተሰረቀም፣ አልተነነም፣ ክብደቱም ያው ነው። ይህን «ፍሳሽ» ብሎ ቅጹ ላይ መሙላት የሌለ ልቀት መፍጠር ነው። በማስተላለፊያ ሰነዱ ላይ ከሊትሩ ጎን የሙቀት መጠኑ ይጻፍ፤ የሚጠይቀው አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

ቦቴዎቹ ላይ ደግሞ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሳል። ድርጅቱ በራሱ ቦቴ ሲያመላልስ የሚቃጠለው ናፍጣ ስኮፕ 1 ነው፤ ራሱ ያቃጠለው ማለት ነው። ከማኅበር የተከራየው ግን ስኮፕ 3 ውስጥ ይገባል፤ ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሌሎች ያቃጠሉት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ። አምስት ቦቴ ሸጦ አምስት የተከራየ ድርጅት፣ በሚሌና በባቲ በኩል የሚወጣው ጭስ ምንም ሳይቀንስ ስኮፕ 1ን በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ሪፖርት የምታነቡ ሰዎች «ቀነስን» የሚል ቃል ስታዩ መጀመሪያ የቦቴዎቹን ሊብሬ ጠይቁ።

አሁን ዋናው ቁጥር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.68 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ቤንዚን ወደ 2.3፣ ነጭ ጋዝ ወደ 2.5። አንድ ቦቴ ደርሶ መልስ 600 ሊትር ቢያቃጥል 1.6 ቶን ገደማ ነው። የጫነው 45,000 ሊትር ናፍጣ ደንበኛ ጋ ደርሶ ሲቃጠል ግን 120 ቶን ይሆናል። ነዳጅ ሻጭ ሆኖ የራሱን ጄኔሬተርና መኪና ብቻ የሚቆጥር ድርጅት ከጠቅላላው መቶ እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው የቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የስኮፕ 3 መመሪያ ከ15 ምድቦቹ 11ኛውን ለተሸጠ ምርት አጠቃቀም ሰጥቶታል፤ ቅጹ ግን ይህን ሞልታችሁ ካልሆነ አላሳልፍም አይልም። ስለዚህ የሽያጭ ሊትሩን በነዳጅ ዓይነት ለይቶ፣ በተለየ ገጽ አባዝቶ፣ ከድምሩ ሥር ማስቀመጥ የሚሞላው ሰው ፈንታ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ቢሆንም መጻፍ አለበት።

ኤሌክትሪክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ ኃይል አብዛኛው ከውኃ፣ ቀሪው በዋናነት ከነፋስ ስለሚመነጭ የኪሎዋት ሰዓቱ ልቀት ለዜሮ የቀረበ ነው። ማባዣውን ከሌላ አገር ቀድቶ 0.4 ኪሎ የሚያስገባ ሰው በ100,000 ኪሎዋት ሰዓት ላይ 40 ቶን ከአየር ይፈጥራል። በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛውን ሲያስገባ ደግሞ ያንኑ 40 ቶን «ቀነስኩ» ይላል። አምፖል መቀየር ብር ያድናል፣ እሰየው፤ በካርቦን ድምሩ ላይ ግን እምብዛም አይታይም።

የቢሮ ኤሲ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይናቅም። አር-410ኤ ከሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ ኪሎ ቢያፈስ ወደ 2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠራል፤ ከ700 ሊትር በላይ ናፍጣ እንደ ማቃጠል ነው። የሚለካው ቴክኒሻኑ በሞላው መጠን ነው፤ ሲሊንደሩ ከመሙላቱ በፊትና በኋላ ይመዘን። «ጋዝ ሞልቻለሁ» ከሚል ወረቀት ኪሎ አይወጣም።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደረጃው ማንኛውንም ተከታታይ 12 ወር ስለሚቀበል ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን በጀት ዓመት መጠቀም ይቻላል። መረጃ መሰብሰቢያውን ግን ለ13 ረድፍ አዘጋጁት። ጳጉሜን አንዱ ማደያ ከነሐሴ፣ ሌላው ከመስከረም ጋር ከቀላቀለው ወርን ከወር ማነጻጸር አይቻልም፤ ይባስ ብሎ ሁለቱም ጋ ሳይጻፍ ይቀራል።

መነሻ ዓመት ስትመርጡ 2014ን አትንኩ። ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ሽያጭ ቆሟል፣ መብራት ተቋርጧል። በዚያ ዓመት ላይ የተመሠረተ ንጽጽር ደህና የሠራበትን ዓመት ሁሉ ጥፋተኛ ያደርጋል። የሁለት ወይም የሦስት ሰላማዊ ዓመታት አማካይ ይሻላል፤ ደረጃውም ይፈቅዳል።

ሁሉም በትክክል ሲሞላ ቅጹ የት መቀነስ እንዳለበት በግልጽ ያሳያል። በቀን 5 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን፣ በሰዓት 7 ሊትር የሚሠራ ጄኔሬተር 10,500 ሊትር ይፈጃል፤ 28 ቶን ነው። ይህን ሁሉ የሚበላው የነዳጅ ፓምፕና መብራት ለማንቀሳቀስ መሆኑ ያናድዳል። በሶላርና በሊቲየም ባትሪ መተካት ይቻላል፣ ግን 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ገዝቶ መሰካት አይበቃም። የፓምፑ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ይወድቃል፤ ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ሶፍት ስታርተር ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩና ባትሪው ከታንከሩ መተንፈሻና ከመቅጃ ማሽኖቹ ርቀው ይቀመጡ፤ የቤንዚን ትነት ብልጭታ አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ስለሚደፈን ጄኔሬተሩ ለመጠባበቂያ ይቆያል፤ በዕቅዱ ላይ «100 በመቶ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም።

የሀረጎን ዳገት ለሚወጡ ቦቴዎች ትርፍ ያለው የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ መለካትና ወረፋ ላይ ሞተር ማጥፋት ነው። ቆሞ የሚሠራ ከባድ መኪና በሰዓት ወደ 3 ሊትር ያቃጥላል።

ሶላር ክፍሉን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ደላንታ ወይም ዋድላ ውስጥ ፋኖስ ሶላር ሸጦ ኩራዝ ያስጠፋ ድርጅት ያዳነውን ነጭ ጋዝ በተለየ ገጽ መጻፍ ይችላል። ከራሱ ልቀት ላይ መቀነስ ግን አይፈቀድለትም። ቅጹ ላይ አሉታዊ ቁጥር ቢያስገቡ ኤክሴሉ ይቀበላል፤ ኦዲተር አይቀበልም።

እስከ አሥር ማደያ ላለው አከፋፋይ ለዚህ ሥራ ሶፍትዌር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ኤስኤፍ6 የሚባል መከላከያ (ኢንሱሌሽን) ጋዝ ያለበት የኤሌክትሪክ መቁረጫ ለሚያስተዳድር ኩባንያ ግን ይህ ቅጽ ብቻውን አይበቃም። የዚያ ጋዝ አንድ ኪሎ ወደ 23,500 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ስለሚቆጠር የእያንዳንዱን ሲሊንደርና የእያንዳንዱን መቁረጫ ግፊት የሚከታተል የተለየ መዝገብ ያስፈልገዋል።