ለፓይለትነት ምክር 800 ብር ከፈልን

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛን ጨረሰ። ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ አውሮፕላን ሲያርፍ ካላየ አይመለስም ነበር፣ ያኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው። አሁን ጥያቄው ወደ ፓይለትነት በአየር ኃይል በኩል ይግባ ወይስ በሲቪል የሚለው ነው። አጎቴ “ነፃ ነው፣ ደሞዝም አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ” ይላል። እናቴ ደግሞ ወታደር የሚለውን ቃል ስትሰማ በረካው ሳይቀዳ ትነሳለች። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጆቿን ይዛ መንገድ የወጣች ሰው ናት፤ አልፈርድባትም።

“አብሽሩ፣ የሚያውቁ ሰዎች አሉ” ብሎ ጎረቤታችን ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የማማከር ቢሮ ላከን። ስሙን አልጠቅስም። 800 ብር ከፍለን 40 ደቂቃ ያህል ተቀመጥን።

ጥሩውን ላስቀድም። የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ልምምዳቸው ምርጥ ነው። አስተማሪው ወንድሜን ቀስ ብሎ አናገረው፣ ሲሳሳት አላሳቀቀውም። ለዓለም አቀፍ በረራ በአቪዬሽኑ የቋንቋ መለኪያ ከ6 ቢያንስ ደረጃ 4 እንግሊዝኛ ስለሚጠየቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ምክሩ ላይ ግን አዘንኩ። “አየር ኃይል ግባ፣ በነፃ ተማር፣ ከዚያ አየር መንገድ ትሻገራለህ” አሉት። በቃ። ስንት ዓመት ማገልገል ግዴታ እንደሆነ አልነገሩትም። በረራው ባይሳካለት ወታደርነቱ አብሮት ይቀር እንደሆነም አላነሱም፤ ለኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነበር። ላይሰንሱም ሌላ ጉዳይ ነው። የንግድ አብራሪ ላይሰንስ በዓለም አቀፉ መስፈርት 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፣ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ተከታታይ ኮርስ ከሆነ 150። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን በካፒቴንነት ለማብረር የሚያስፈልገው ላይሰንስ ደግሞ 1500 ሰዓት ነው። የተዋጊ ጄት በረራ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሰዓቱ ቶሎ አይጠራቀምም። ማጓጓዣ አውሮፕላን ላይ የተመደበ ይሻለዋል፣ ግን ምደባውን የሚወስነው ሠራዊቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

የሲቪሉም መንገድ አልጋ በአልጋ አይደለም። አየር መንገዱ አስተምሮህ ከሆነ የአገልግሎት ውል ትፈርማለህ። በራስህ ከከፈልክ ደግሞ ገንዘቡ ከባድ ነው፣ መሃል ላይ ብትወድቅ የሚመልስልህ የለም። ይሄንንም አልነገሩንም።

በጣም ያናደደኝ ግን የመነጽሩ ነገር ነው። ወንድሜ ለሩቅ መነጽር ያደርጋል። “በመነጽር ፓይለትነት የለም” አሉት፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ልክ አይደለም! ለሲቪል አብራሪ የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መነጽር ይፈቅዳል፤ በመነጽር ታርሞም ቢሆን ሁለቱ ዓይን አብረው 6/6፣ ማለትም ጤነኛ ዓይን የሚያየውን ያህል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ደግሞ ትንሽ ዝቅ ያለውን 6/9 ማየት አለባቸው። ቀጣሪው ከዚህ የጠበቀ ሊያወጣ ይችላል፣ ወታደር ቤትም አብዛኛውን ጊዜ ያጠብቃል፣ ግን “የለም” ብሎ የልጅ ተስፋ መቁረጥ ሌላ ነው።

በማግስቱ ዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ በቀለም ነጠብጣብ የተሞላውን መጽሐፍ ገለጠችለት። በነጠብጣቡ መሃል የተደበቁትን ቁጥሮች 12፣ 8፣ 29 እያለ አነበበ። አንዱ ገጽ ላይ ዝም አለ፣ ልቤ ቀጥ አለ። “5” አለ በመጨረሻ። ቀለም መለየቱ ምንም ችግር የለበትም፣ በመነጽሩ ሁለቱም ዓይኑ 6/6 ነው። ለላይሰንስ የሚያገለግለውን ምርመራ የሚያደርገው በሲቪል አቪዬሽን የተፈቀደለት ሐኪም ነው፣ ይሄ ለራሳችን እንድናውቅ ያህል ነው። ግን ለኛ ከ40 ደቂቃው ምክር በለጠ።

ማታ “አብራሪ ባትሆንም ወታደር መሆን ትፈልጋለህ?” አልኩት። ብዙ አሰበና “አይ” አለኝ። እናቴ ወጥ ቤት ሆና ሰማችን፤ ምንም አላለችም።

ለቢሮው ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱም ለእንግሊዝኛው አስተማሪ ነው። ወንድሜ አሁን ፊዚክስ ይከልሳል። የሲቪሉ የሠልጣኝ ማስታወቂያ እስኪወጣ የዓይኑን ውጤት በላስቲክ ጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጦታል።