ባለ 1000 ሊትሩ የፌንተን ጋን፦ ለብረት ቅብ ቤት ይሆናል፣ ለቆዳ ፋብሪካ ግን አይሆንም

በብረት ቅብ ቤት ፍሳሽ ውስጥ ያሉ ኒኬልና መዳብ ኤዲቲኤ ከሚባለው ብረት አሳሪ ኬሚካል ጋር ከተጣበቁ ኖራ ብቻውን አያወርዳቸውም። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለብረት ቅብ ቤቶች የሚገጠመው ይህ ጋን መጀመሪያ ይህን ማሰሪያ በፌንተን (ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና የብረት ጨው አንድ ላይ ኬሚካሉን በሚሰብሩበት ዘዴ) ይሰብራል፣ ቀጥሎ ብረቱን ያዘቅጣል። አካሄዱ ትክክል ነው።

ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) በሰልፈሪክ አሲድ ወደ 3 ይወርዳል፣ የብረት ጨው የሆነው ፌረስ ሰልፌት ይገባል፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግን ቀስ እያለ ነው የሚንጠባጠበው። ባንዴ ከተደፋ ውሃው ይሞቅና አረፋው ይገነፍላል፤ የጋኑ አፍ ጠባብ መሆኑ የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። መነሻ ልኩ ለ1 ግራም ሲኦዲ (በውሃው ያለውን ቆሻሻ በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን) 2.1 ግራም ያህል ንጹህ ፐርኦክሳይድ ነው፤ የፌረስ ሰልፌቱ መጠን በትንሽ ዕቃ ተሞክሮ ይወሰናል። ከዚያ ብረቱ እንዲዘቅጥ ፒኤች በኖራ ወደ 9 እስከ 10 ይወጣል።

ትልቁ ጉድለት መመሪያው ነው፦ የተረፈ ፐርኦክሳይድን ስለመፈተሽ አንድ መስመር እንኳ የለውም። ከተረፈ የኦክስጅን አረፋ ዝቃጩን ተሸክሞት ይንሳፈፋል። የቆዳ ፋብሪካ ውሃ ላይማ ይብሳል፤ ፒኤች ከፍ ሲል የተረፈው ፐርኦክሳይድ ቆዳ ለማልፋት የሚውለውን ክሮሚየም ሦስትን ወደ መርዛማው ክሮሚየም ስድስት ሊቀይረው ይችላል። የፐርኦክሳይድ መፈተሻ ወረቀት ለብቻ ይገዛ።

ማደባለቂያው ጠንካራ ነው። የፒኤች መለኪያው ግን በየሳምንቱ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ መለኪያ መፍትሔዎች ካልተስተካከለ ይዋሻል።