ዋያናድ ወይስ ኩርግ? ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩት

እዚህ ህንድ፣ ቤንጋሉሩ ከተማ፣ ለትምህርትም ሆነ ለህክምና የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ይጠይቀኛል። «ጫካና ተራራ ያለበት የት እንሂድ?» መልሴ አንድ ነው፤ ዋያናድ። «ሰው ሁሉ ግን ኩርግ ነው የሚለው» ይሉኛል። እኔም ሰው ሁሉ ስላለ መጀመሪያ ኩርግ ሄጄ ነው የተበላሁት።

ኩርግ፣ በመንግሥት ስሙ ኮዳጉ፣ ቤንጋሉሩ ባለችበት ካርናታካ ክልል ውስጥ ነው። ዋያናድ ድንበሩን ተሻግሮ ኬረላ የሚባለው ክልል ነው። ርቀታቸው ብዙም አይለያይም፣ ሁለቱም ጋ ባቡር አይገባም። ጫካውም፣ የቡና እርሻውም፣ ጉሙም ያው ነው። ልዩነቱ ኪስ ላይ ነው።

ኩርግ አራት ሆነን በታክሲ ሄድን። «በኪሎ ሜትር 13 ሩፒ» ሲሉን ርካሽ መሰለን። ለካ መኪናው ቆሞ ቢውልም በቀን ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይታሰባል። የሦስት ቀኑ 11,700፣ የሹፌር አበል በቀን 500 ተጨምሮ 13,200 ሩፒ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ዋያናድ የሄድኩት በመንግሥት አውቶቡስ ነው፣ 500 ሩፒ ገደማ፣ አለቀ። እዚያም ከከተማ ከተማ አውቶቡስ ሞልቷል፣ የቀረችውን በባጃጅ ትጨርሷታላችሁ (እነሱ አውቶ ነው የሚሏት)። ታክሲ ግን ኬረላ ሲገባ የድንበር ክፍያ ሊጠየቅ ስለሚችል አትሞክሩት።

ከታክሲው የባሰው ማደሪያው ነበር። የኩርግ ዋና ከተማ ማዲኬሪ አካባቢ አንድ ሆምስቴይ (ሰው መኖሪያ ቤቱን ለእንግዳ የሚያከራይበት) ቅዳሜ ስለሆነ ከአዘቦት ቀን እጥፍ ዋጋ ጠይቆን ግማሹን አስቀድመን ላክን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ዝናብ እየመታን ደረስን። ሰውየው ፓስፖርታችንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ «የውጭ ሰው አንቀበልም» አለ። ህንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በተለምዶ ፎርም ሲ የሚባለውን ሞልቶ ማስመዝገብ አለበት፣ እሱ ደግሞ ያ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈለገም። ቀብዱንም አልመለሰልንም። ስለዚህ የትም ብትሄዱ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት «ፎርም ሲ ትሞላላችሁ ወይ?» በሉ። ዋያናድ ውስጥ ካልፔታ ከተማ ያረፍኩበት ተራ ሎጅ በ1,200 ሩፒ ያለምንም ጥያቄ ሞላልኝ።

ምግቡም ለእኛ ዋያናድ ይሻላል። የኩርግ ስመ ጥር ምግብ ፓንዲ ከሪ ነው፣ ማለትም የአሳማ ወጥ። አሳማው ይቅርብኝ ካላችሁ ዋያናድ አፓም አለላችሁ፣ ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር፣ ዳር ዳሩ ስስ፣ መሃሉ ለስላሳ። እንጀራ ለናፈቀው ሰው ደህና ማስታገሻ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁም የምስርና የአትክልት ወጥ አታጡም።

በቡና ግን ኩርግ ይበልጣል፣ አልዋሽም። የዋያናድ ቡና በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ለእኛ አፍ ይከብዳል። ኩርግ እንደ እኛ ቡና አረቢካም አለው። ግን ከመንገድ ዳር «ንጹሕ ቡና» ብለው የሸጡልኝን ቤት ወስጄ ሳፈላው የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ቀላቅለውበት ነበር። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኑት፤ ቡናው ይንሳፈፋል፣ ቺኮሪው ውሃውን ቡናማ እያደረገ ይሰምጣል። የታሸገ ከገዛችሁ መቶኛውን ማንበብ ነው። ወይ ጥሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ቁሉት፣ ለሐበሻ ምን ይከብዳል?

ዋያናድ ከደረሳችሁ ኤዳካል እንዳያመልጣችሁ። ዋሻ ይሉታል እንጂ ሁለት ግዙፍ ቋጥኞች መሃል ያለ ስንጥቅ ነው፤ ግድግዳው ላይ የድንጋይ ዘመን ሰዎች የፈለፈሉት ሥዕል አለ። ደረጃው ያስለከልካል። ሰኞ ዝግ ነው።

በክረምታቸው፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ሁለቱም ጋ አትሂዱ። አልቅቱ ካልሲ ውስጥ ይገባል፣ እሱስ ጨው ሲነካው ይወድቃል። መሬቱ ግን ይናዳል፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2024 ዋያናድ ውስጥ ሙንዳካይና ቹራልማላ ላይ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል።

ከዋያናድ ወደ ቤንጋሉሩ ስትመለሱ ደግሞ ሰዓት ያዙ። በባንዲፑር ጫካ የሚያልፈው መንገድ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለእንስሳቱ ሲባል ይዘጋል፣ የሚፈቀድላቸው ጥቂት አውቶቡሶችና የድንገተኛ መኪኖች ብቻ ናቸው። ቀን ሂዱና መስኮት ጋ ተቀመጡ። እኔ ለሳፋሪ ሰባራ ሩፒ ሳልከፍል ዝሆን ያየሁት ከአውቶቡስ ነው።