ሃይድሮጄል ለሚፈትሹ፦ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያለ አንድ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት የግል ፓቶሎጂ ላብራቶሪዎች አንዱ ከታካሚ ባዮፕሲ (ለምርመራ ከሰውነት የተቆረጠ ቲሹ) ሌላ የምርምር ናሙናም ይቀበላል። አይጥ ቆዳ ሥር ሃይድሮጄል (ውሃ አምቆ የሚይዝ የፖሊመር መረብ) ቀብሮ ሰውነት እንዴት እንደተቀበለው ማየት ለሚፈልግ ቡድን ቦታው ይመቻል፣ እጃቸውም የሠለጠነ ነው። ጉዱ ያለው ጄሉን እንደ ሥጋ መቁጠራቸው ላይ ነው።

የሃይድሮጄል አብዛኛው ክብደት ውሃ ነው። እዚህ ግን እንደማንኛውም ባዮፕሲ ካሴት (ትንሽ የናሙና ሳጥን) ውስጥ ገብቶ ማታ ማሽን ላይ ይጫናል፤ አልኮሉ ውሃውን ያወጣል፣ ዛይሊን ይከተላል፣ በመጨረሻ ፓራፊን (ሰም) ይገባበታል። ቲሹው ይህን ይችለዋል። ጄሉ ግን ይኮማተራል፣ ከዙሪያው ይላቀቃል፣ ሲቆረጥ ይረግፋል። ስላይዱ ላይ የሚቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ ሪፖርቱም «ሲስት መሳይ ክፍተት» ይለዋል! ከዚያ ቀዳዳ ተነስቶ ጄሉ ምን ያህል እንደሟሟ መገመት አይቻልም።

ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት ለሚሠሩ ደግሞ የባሰ አለ። ላብራቶሪው ናሙና ማቆያ አድርጎ የሚሰጠው 10 በመቶ ፎርማሊን የፎስፌት ባፈር (አሲድነቱን የሚያረጋጋ ጨው) አለበት። በካልሲየም የረጋን አልጂኔት አያይዞ የያዘው ያው ካልሲየሙ ነው፤ ፎስፌቱ ይነጥቀውና ጄሉ ገና ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ይላላል። ስለዚህ ፎስፌት የሌለበትና ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ የተጨመረበት ፎርማሊን ከራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መጠኑ የቲሹውን 20 እጥፍ ይሁን፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃል።

ናሙናን አቀዝቅዞ የሚቆርጥ ክሪዮስታት አላቸው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ቀጠሮው ይዛወራል። በረዶ የሚሠራው ቀዳዳ የጄሉ የራሱ ቀዳዳ እንዳይመስል ናሙናው አስቀድሞ 30 በመቶ ሱክሮስ (የስኳር ውህድ) ውስጥ ይደር። በፓራፊን ፋንታ የሚገባውና ለጄል ይበልጥ የሚስማማው የግላይኮል ሜታክሪሌት ሬዚን (ፕላስቲክ መሳይ ማጠንከሪያ) አገልግሎት ግን እዚህ አይሰጥም።

የማሶን ትራይክሮም ቀለማቸው ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ኮላጅኑ (የጠባሳው ፕሮቲን) ጥርት ያለ ሰማያዊ ስለሚወጣ በጄሉ ዙሪያ ያለው የጠባሳ ሽፋን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አያከራክርም። ውፍረቱን በአንድ ቦታ ብቻ አትለኩ፤ ጠርዝና መሃሉ ይለያያል።

ሪፖርቱ ሁለት መስመር ነው፤ «ሥር የሰደደ ብግነት፣ የባዕድ አካል ምላሽ» ይልና ያበቃል። ለሐኪም ይበቃ ይሆናል፣ ሰውነት ውስጥ የተቀበረ ቁስ የሚያስከትለውን ምላሽ ለመገምገም ለወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ለአይኤስኦ 10993-6፣ ግን አይበቃም። የመስፈርቱን የነጥብ መስጫ ቅጽ አትማችሁ ስጧቸው፤ ፓቶሎጂስቱ ደስ ብሎት ይሞላል። የብግነት ሴሎቹ (ኒውትሮፊል፣ ሊምፎሳይት፣ ፕላዝማ ሴል፣ ማክሮፌጅ፣ ግዙፍ ሴል) እና የሞተ ቲሹ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ይሰጣቸውና ድምሩ በ2 ይባዛል። አዲስ የደም ሥር፣ ፋይብሮሲስ (ጠባሳ) እና ስብ ሳይባዙ ይደመራሉ። ከዚያ የመቆጣጠሪያው (ለማነጻጸሪያ የተቀበረው ሌላ ቁስ) ናሙና ውጤት ይቀነሳል። ልዩነቱ እስከ 2.9 ከሆነ ምላሹ የለም ወይም ኢምንት ነው፤ ከ3.0 እስከ 8.9 ቀላል፣ ከ9.0 እስከ 15.0 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። መቆጣጠሪያ ካልቀበራችሁ የሚቀነስ ስለሌለ ቅጹ ዋጋ የለውም።

ጥቂት ማክሮፌጅና ግዙፍ ሴል ማየት አያስደነግጥም። ከሳምንታት በኋላም ኒውትሮፊል ከበዛ ግን ፖሊመሩን ከመውቀስ በፊት ኢንፌክሽንና ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) ጠርጥሩ፤ ኢንዶቶክሲኑን በተለይ አልጂኔትና ካይቶሳን (ሌላ ተፈጥሯዊ ፖሊመር) ይዘውት ይመጣሉ፣ በእንፋሎት የሚያመክን ተራ አውቶክሌቭም አያጠፋውም።

ካሴቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። የትኛው ጄል፣ የትኛው መቆጣጠሪያ እንደሆነ አትንገሯቸው፤ ኮድ ይበቃል። ናሙናው የተቀበረባቸውን የፓራፊን ብሎኮችም ስላይዱን ስትወስዱ አብራችሁ ተረከቡ፣ ካልጠየቃችሁ እዚያው ይቀራሉ።