የትራፊክ ቅጣት፦ ፊንላንድና ፈርጉሰን

አንደርስ ቪክሎፍ የናጠጠ የፊንላንድ ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023፣ 50 በሚል መንገድ ላይ በ82 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ተያዘ። ቅጣቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 121 ሺህ ዩሮ! እዚያ አገር ከበድ ያለ ጥፋት የሚቀጣው በገቢ ልክ ነው። ፖሊስ ገቢህን ከግብር መዝገብ ያያል፤ የቀን ገቢህ ግማሽ ገደማ እንደ ጥፋቱ ክብደት በሚወሰን የቀናት ቁጥር ይባዛል። አሠራሩ ከ1921 ጀምሮ ያለ ነው። (ፍጥነቱን በጥቂቱ ያለፈ ሰው ግን ሀብታምም ይሁን ድሃ እኩል ይከፍላል።)

አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ወረቀት ላይ ይሄኛው የበለጠ እኩል ይመስላል። እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ለምን? የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 በሚዙሪዋ ፈርጉሰን ከተማ ላይ ባወጣው ሪፖርት የአንዲት ጥቁር ሴት ታሪክ አለ። በ2007 መኪናዋን በማይፈቀድ ቦታ አቆመች፤ 151 ዶላርና ተጨማሪ ክፍያዎች ተጣሉባት። በእጇ ገንዘብ የለም። ቀጠሮ ባለፋት፣ ክፍያ ባጓደለች ቁጥር ሌላ ቅጣት ይደረባል። ሁለቴ ተያዘች፣ ስድስት ቀን ታሰረች። 550 ዶላር ከፍላም በ2014 መጨረሻ ገና 541 ዶላር ዕዳ ነበረባት። ሪፖርቱ እንደሚለው ከተማዋ ፖሊሱንና ፍርድ ቤቱን የገቢ ምንጭ አድርጋቸው ነበር። የሚገርመው ደግሞ ሴትዮዋ 25 እና 50 ዶላር ለመክፈል ብትሞክር፣ ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ካልከፈልሽ ብሎ ገንዘቧን መለሰላት።