ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ስትገዙ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ለቢሮ ያገለገለ ዴስክቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኛ ተሸውደናል። የተሸወድነውም በሁለት ፊደላት ነው።

ማስታወቂያው «አይ5-6500፣ 3.2 ጊጋኸርዝ፣ 8 ጊጋ ራም» ይላል፤ የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ስም፣ ቀጥሎ ያለው ፍጥነቱ ነው። ሻጩ «ራሙን ማሳደግ ከፈለጋችሁ» ብሎ ሁለት ባለ 16 ጊጋ ራም በቅናሽ ጨመረልን። የፈለግነው ለሂሳብ ክፍል ነበር፤ ትልልቅ የኤክሴል ፋይሎች ቀኑን ሙሉ የሚከፈቱበት ማሽን። ስንሰማው ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

ራሙን ሰክተን አበራነው። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። አንዱን ነቅለን ሌላውን ብቻ ሞከርን። ቦታ ቀያየርን። ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠረግን። ወይ ፍንክች። የድሮውን 8 ጊጋ ስንመልስለት ወዲያው ተነሳ። ሻጩ ጋ ስንደውል «ባዮሱ አርጅቶ ነው፣ አፕዴት አድርጉት» አለን፤ ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም ነው። አደረግን። ያው ነው።

በመጨረሻ ራሙን መስኮት አጠገብ ወስጄ የተለጠፈበትን ጽሁፍ አንድ በአንድ አነበብኩት። «ፒሲ4-2400ቲ» ካለ በኋላ ሰረዝ አለ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ «አር» የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል። ጉዱ ያለው እዚያ ነው። «አር» ማለት ሬጅስተርድ ማለት ነው፤ ለሰርቨር የተሰራ ራም። ለተራ ዴስክቶፕ የሚሆነው እዚያው ቦታ ላይ «ዩ» ያለበት ነው። ከፊት በኩል «1አር» ወይም «2አር» የሚል ታገኛላችሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ በደህናውም ራም ላይ አለ፣ አያሳስታችሁ።

የሚያናድደው ደግሞ መልካቸው ነው። ሁለቱም ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ ናቸው፣ ሁለቱም 288 ፒን አላቸው፣ ታች ያለችው ቆረጥ ያለች ቦታም አንድ ናት። ስለዚህ የሰርቨሩ ራም ያለምንም ትግል ቀጭ ብሎ ይገባል። ዲዲአር3 ቢሆን እኮ 240 ፒን ስለሆነ ገና ሲሰካ እምቢ ይላል፣ ሰውም ወዲያው ይነቃል። ባዮስ ማደስም ዋጋ የለውም። ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ያ ፕሮሰሰር ደግሞ ሬጅስተርድ ራምን አይቀበልም። አለቀ። ባለ 16 ጊጋ ራም ከተለመደው ዋጋ በጣም ወርዶ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

እሺ፣ በ8 ጊጋው እንጠቀም አልን። አሁንም ይጎተታል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ። ከላይ በቀኝ በኩል የፕሮሰሰሩ ስም ተጽፏል። አይ5-6500ቲ።

ማስታወቂያው ላይ «ቲ» የምትል ፊደል አልነበረችም! ይህቺ ፊደል ኃይል ቆጣቢ ናት ማለት ነው። 6500 በ65 ዋት ሲሰራ 6500ቲ በ35 ዋት ይሰራል። መነሻ ፍጥነቱም 3.2 ሳይሆን 2.5 ጊጋኸርዝ ነው። በቱርቦ (ስራ ሲበዛበት ፍጥነቱን ለጊዜው ሲጨምር) እስከ ጥግ ቢነዳ 3.1 ላይ ይቆማል። ልብ በሉ፣ የእሱ ጣሪያ የዚያኛውን መነሻ እንኳ አይደርስም። ሻጩ «ያው ሁለቱም 6500 ናቸው፣ አራት አራት ኮር አላቸው» ብሎ ሊያግባባን ሞከረ። የኮሩ ቁጥር እውነት ነው። 3.2 ጊጋኸርዝ ያለው ግን ውሸት ነው፣ የከፈልነውም ለ3.2 ነው። ሳጥኑ ፊት ላይ ያለው ስቲከር «ኮር አይ5» ከማለት በቀር ምንም አይነግራችሁም፣ እሱን አትመኑ።

ዊንዶውስ ላይ የሚታየውን ስምም ሊነካካ የሚችል ሰው አለ። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ እዚያ የተጻፈውን እዩ።

ያለ ጥፋቱ ሰው እንዳትከሱ ደግሞ ይህን ልጨምር። 2400 የተባለ ራም በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ፍጥነቱ 2133 ቢል ማጭበርበር አይደለም፤ ኢንቴል ለ6500 ያስቀመጠው የዲዲአር4 ጣሪያ ይኸው ነው። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው የማሽኑን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ 1066 ብታዩም አትደንግጡ፣ ግማሹን ነው የሚያሳየው። ማሽኑ ስራ ፈትቶ ሲቀመጥ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ወደ 0.8 ጊጋኸርዝ ቢወርድም ጤነኛ ነው። ስራ እየሰራም ከዚያ አልነቃነቅ ካለ ግን ፋኑን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ትንንሾቹ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ አዳፕተሩን አስፈትሹ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የራሙን ሌብል ከቅርብ፣ የባዮሱን ገጽ፣ የታስክ ማናጀሩን የሲፒዩ ገጽ። «ቆይ በኋላ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። ገዝታችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ክፈቱና እዩ፣ የመመለሻ ቀን ሳያልፍባችሁ። የራሙን ሌብል እንዳትልጡት። እኛ የራሙን ገንዘብ ያስመለስነው ያንን ሌብል ፎቶ አንስተን በመላክ ነው። የፕሮሰሰሩን ገና እየተከራከርን ነው።